የቤት አምፕሊፋየር፦ የሚያረጀው ግማሽና የማያረጀው ግማሽ

አምፕሊፋየር ፍለጋ ፒያሳም ሆነ መርካቶ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ቁጥር ነው። «ወንድሜ፣ ይሄ ሺህ ዋት ነው! ሰፈሩን ነው የሚያናውጠው።» ሻጩ ዋሸ ማለት አይቻልም። ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው ያነበበው። ያ ቁጥር ግን ስለ ዕቃው የሚነግረን ነገር ትንሽ ነው። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ? የትኛው ክፍሉ ቶሎ ያረጃል? ገንዘባችንስ የሚሄደው ለየትኛው ነው?

የማወራው ፊልም ስናይ ድምፁን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ እንድንሰማ ስለሚያደርገው አምፕሊፋየር ነው። ካርቶኑ ላይ «ኤቪ ሪሲቨር» ይለዋል። ከዲሹ ሪሲቨር ጋር ግን አይገናኝም። ስፒከሮቹ ለብቻቸው ይገዛሉ። እሱ ቴሌቪዥኑ ሥር ቁጭ ብሎ ሁሉንም ያዛል።

ክዳኑን ብትከፍቱት ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ታገኛላችሁ። አንደኛው ከባዱ ነው። ትልቅ ትራንስፎርመር፣ ወፋፍራም ካፓሲተሮች፣ ረድፍ የያዙ ትራንዚስተሮች፣ ሙቀቱን የሚያስወጣ የአሉሚኒየም ብረት። ዕቃውን 8 ወይም 10 ኪሎ የሚያደርገው ይሄኛው ነው። ሁለተኛው ቀላሉ ነው። የኤችዲኤምአይ መሰኪያዎች ያሉበት ቦርድ፣ ድምፁን የሚፈታው ቺፕ፣ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ።

የከባዱ ክፍል ሥራ ማጉላት ነው። ከሲዲ ማጫወቻ የሚወጣው ድምፅ ቢበዛ 2 ቮልት ገደማ ነው፤ አቅምም የለውም። ስፒከር ቀጥታ ብትሰኩበት ትንፍሽ አይልም። አምፕሊፋየሩ ይሄንን ደካማ ምልክት ተቀብሎ፣ ከግድግዳው የመጣውን ኃይል ጨምሮበት፣ የስፒከሩን ወረቀት ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋ ጉልበት ይሰጠዋል። ይሄ ሥራ ከ40 ዓመት በፊት ከነበረው በመሠረቱ ብዙ አልተቀየረም። በደንብ የተሠራ የ15 ዓመት አምፕሊፋየር ዛሬም በደንብ ያጎላል።

ቀላሉ ክፍል ደግሞ ያከፋፍላል። ፊልሙ ውስጥ ድምፆቹ ታሽገው ነው የሚመጡት። ንግግሩ፣ የመኪናው ጥሩንባ፣ ዝናቡ፣ ሙዚቃው፣ ሁሉም በአንድ ገመድ ይገባሉ። ቺፑ እንደ ታክሲ ረዳት ነው። «አንተ ፊት ግባ፣ አንቺ ከኋላ፣ አንተ ጥግህን ያዝ» እያለ እያንዳንዱን ድምፅ ቦታው ላይ ያስቀምጣል። ንግግሩ መሃል ወዳለው ስፒከር ይሄዳል። ዝናቡ ዙሪያውን ይበተናል። ከባዱ ጉርምርምታ ወደ ሰብዉፈሩ ይወርዳል።

ቶሎ የሚያረጀው ይሄኛው ክፍል ነው። በየጥቂት ዓመቱ አዲስ ዓይነት አስተሻሸግ ይመጣል፣ የኤችዲኤምአዩም ደረጃ ይለወጣል። ገበያው ዋጋ የሚቆርጠውም በዚሁ በሚያረጀው ክፍል ነው። አዲሱ ሞዴል ሲወጣ ያለፈው ይረክሳል። የውስጡ ትራንስፎርመር ግን ያው ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ እዚህች ላይ ነው የተንጠለጠለው። ለኪሳችን የሚበጀውም ይሄው ክፍተት ነው።

ስለ ቁጥሮቹ

5.1 ሲባል የመጀመሪያው ቁጥር በጆሮ ልክ የሚቀመጡትን ስፒከሮች ይቆጥራል። ፊት ግራና ቀኝ፣ መሃል፣ ከዚያ ጎን ግራና ቀኝ። ነጥብ አንድ የተባለው ሰብዉፈሩ ነው። 7.1 ከሆነ ከጀርባ ሁለት ይጨመራል። 5.1.2 ካለ ሦስተኛው ቁጥር ከላይ፣ ከጣሪያ በኩል የሚሰሙትን ይነግራችኋል።

ይሄ አካሄድ ከሲኒማ ቤት ነው የመጣው። ድምፆቹ ከሚታሸጉባቸው ዘዴዎች አንዱ የሆነው ዶልቢ ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ1992 ሲኒማ ቤት ገባ። ተፎካካሪው ዲቲኤስ በዓመቱ ተከተለው። ወደ ሳሎን በብዛት ያመጣው ዲቪዲ ነው። ከጣሪያ የሚመጣው ድምፅ፣ ዶልቢ አትሞስ የሚባለው፣ በ2012 ሲኒማ ቤት ተጀመረና በ2014 የቤት አምፕሊፋየር ውስጥ ገባ። ሳጥኑ ላይ «አትሞስ» የሚል ካለ እንግዲህ ዕቃው ከ2014 ወዲህ የተሠራ ነው ማለት ነው። ዕድሜ ለመገመት ቀላል መንገድ ነው።

አሁን ወደ ዋቱ እንመለስ። ሶኒ ኤስቲአር-ዲኤች590 የሚባለውን እንውሰድ። ከርካሾቹ አንዱ ነው። ማስታወቂያው በቻናል 145 ዋት ይላል። ቻናሉ 5 ስለሆነ ተባዝቶ «725 ዋት» ይባላል። ያው ሶኒ ለዚያው ዕቃ ሌላ ቁጥርም ጽፏል፤ 90 ዋት። ሁለቱም እውነት ናቸው። 145ቱ የተለካው በአንድ ነጠላ ድምፅ፣ በ1 ኪሎ ኸርዝ፣ መዛባቱ 0.9 በመቶ እስኪደርስ ተገፍቶ ነው። 90ው የተለካው ከ20 እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ባለው በሙሉ፣ ሁለት ቻናል አብረው እየሠሩ፣ መዛባቱ ከ0.09 በመቶ ሳያልፍ ነው። የሚታመነው ሁለተኛው ነው። ባሱም ቀጭኑም ያለበትን እውነተኛ ሙዚቃ የሚመስለው እሱ ነው።

ይሄ የቁጥር ጨዋታ የቆየ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የአምፕሊፋየር ዋት አለካክን የሚገዛ ደንብ ያወጣችው ለዚህ ነበር። በ2024 ደግሞ አጠበቀችው። እኛ ገበያ ላይ ግን በጣም ርካሽ ዕቃዎች ላይ «ፒኤምፒኦ» የሚል ቃል ከብዙ ሺህ ዋት ጋር ታያላችሁ። እሱ ለቅጽበት እንኳ የማይደረስበት፣ ማንም በአንድ ዓይነት መንገድ የማይለካው ቁጥር ነው። ካያችሁት እንዳላያችሁ እለፉት።

ደግሞስ ስንት ዋት ነው የሚያስፈልገን? ከ50 ወደ 100 ዋት መውጣት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ ይሰማዋል፣ ግን «ትንሽ ጨመረ» ነው የሚለው። ድምፁ እጥፍ የሆነ እንዲመስለን 10 ዴሲቤል፣ ማለትም 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ብዙ የቤት ስፒከር በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ 88 ዴሲቤል ገደማ ያወጣል። 88 ዴሲቤል ሰንጋተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጎረቤት በር የሚያስኳኳ ድምፅ ነው። ማታ ዜና ስትሰሙ ከ1 ዋት በታች ነው የምትጠቀሙት። የቀረው ዋት ለድንገተኛ ፍንዳታና ለከበሮ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ነው። ስለዚህ በዚያው 1 ዋት 3 ዴሲቤል የበለጠ የሚያወጣ ስፒከር መምረጥ የአምፕሊፋየሩን ዋት እጥፍ ከማድረግ እኩል ነው። ሻጭ ግን ይሄንን አይነግራችሁም። ስፒከሩ ላይ የተጻፈውን ዴሲቤል የሚያነብ ሰው ብዙም የለም።

ገበያው ላይ የት ነው ያለው?

ከሥሩ ሁለት ዕቃ አለ። አንዱ ሳውንድባር ነው። ቴሌቪዥኑ ሥር የሚጋደም አንድ ረጅም ስፒከር። ሁለተኛው «ሆም ቴአትር» ብለን የምናውቀው፣ ሁሉም ነገር በአንድ ካርቶን የሚመጣው ነው። ቀጫጭን ረጃጅም ስፒከሮች ያሉትና መሃሉ ላይ ዲቪዲ ማጫወቻ ያለበት። በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ ላይ ለሙሽሮች የሚሰጥ ስጦታ ነበር። የሆም ቴአትሩ ደካማ ጎን የታወቀ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ላይ የተሳሰረ ነው። የዲቪዲው ሌንስ ሲሞት፣ ማጉያው ደህና ሆኖ እያለ፣ ዕቃው በሙሉ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ስፒከሮቹንም ሌላ አምፕሊፋየር ላይ ለመሰካት አትቸኩሉ። ብዙዎቹ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ኦም ይፈልግ ይሆናል። ኦሙ ሲያንስ ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይሞቃል፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ያጠፋል።

ከላይ ደግሞ አከፋፋዩና ማጉያው በሁለት ሣጥን የተለያዩበት ውድ ዕቃ አለ። እሱን እዚህ አናነሳውም።

አምፕሊፋየሩ መሃል ላይ ነው። ጥቅሙ አንድ ነው። በየተራ መግዛት ያስችላል። ዘንድሮ አምፕሊፋየሩንና ሁለት የፊት ስፒከር። ዕቁብ ሲወጣ መሃሉን። ከዚያ ሰብዉፈሩን። አንዱ ሲበላሽ እሱ ብቻ ይቀየራል። እንደኛ ላለ ኪስ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሳውንድባር ግን እንደተገዛ ነው። ያ ሲባል ሳውንድባር ይናቅ ማለት አይደለም። አንድ ክፍል ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ፣ በየዓመቱ ዕቃ የምታጓጉዙ ከሆነ፣ ሳውንድባር ግዙና ተገላገሉ። በእውነት ነው የምለው።

ሳውንድባሩ ግን ገበያውን ቀስ በቀስ በልቶታል። ሠሪዎቹም ተሰባስበው እየተሸጡ ነው። ዴኖንና ማራንዝ ከ2002 ጀምሮ በአንድ ኩባንያ ሥር ሆነዋል። ኦንኪዮ በ2015 የፓዮኒርን የቤት ድምፅ ክፍል ገዛ። ኦንኪዮ ራሱ የአምፕሊፋየር ሥራውን ሸጦ በ2022 ከሠረ። ስሙ አሁንም በሌሎች እጅ ይሠራል። ዴኖንና ማራንዝን ደግሞ በ2025 የሳምሰንግ ንብረት የሆነው ሃርማን ገዛቸው። ያማሃ በራሱ እንደቆመ ነው። ይሄንን የማነሳው ለወሬ አይደለም። ሠሪ ሲቀንስ ርካሹ ሞዴል ነው ቀድሞ የሚጠፋው። አዲስ የመጀመሪያ ደረጃ አምፕሊፋየር ዛሬ ውጭ አገር ከ300 እስከ 600 ዶላር ነው። ያውም ያለ ስፒከር።

ወደ ብር ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ400 ዶላር ዕቃ 23 ሺህ ብር አካባቢ የነበረው ከ40 ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። ይሄ ከማጓጓዣውና ከቀረጡ በፊት ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ አዲስ አምፕሊፋየር የሚገዛ ሰው ጥቂት ነው። ገበያውን የያዙት ሳውንድባር፣ ብሉቱዝ ስፒከርና ያገለገለ ዕቃ ናቸው። ያገለገለው ደግሞ ከዱባይ፣ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ በሻንጣ ይመጣል።

ከአሜሪካ የመጣውን እንይ

ዲሲ ያለች አክስት አምፕሊፋየር ላከች እንበል። ደግ ሥራ ነው። ግን ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ዕቃውን አዙሩና ጀርባውን አንብቡ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ትንሽ ጽሑፍ አለች። «ኤሲ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ካለች እጃችሁን ሰብስቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የጃፓን ገበያ ዕቃ ደግሞ 100 ቮልት ነው።

የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ስለለመድን ነው የምንሳሳተው። ቻርጀሩ ላይ «100-240» ተብሎ ተጽፏል፣ የትም ይሠራል። አምፕሊፋየሩ ውስጥ ያለው ትልቅ ትራንስፎርመር ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ቮልት የተጠመጠመ ነው። 120 የሚለውን 220 ላይ ከሰካችሁት ቢበዛ አንድ «ጧ» ትሰማላችሁ። ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዝ ነው። ካልሆናችሁ ትራንስፎርመሩ ራሱ ነው። መለዋወጫውም በቀላሉ አይገኝም።

መፍትሔው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው። ግን መጠኑን እዩ። አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ የሚወስደው ዋት ተጽፏል። 500 ዋት ካለ 1000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያዙ። በእጅ ስታነሱት ሊከብድ ይገባል። ለፀጉር ማድረቂያ ተብሎ የሚሸጠው ቀላል ትንሽ መቀየሪያ ለዚህ አይሆንም። የኸርዙ ልዩነት ብዙ አያሳስብም፤ ትራንስፎርመሩ ትንሽ ሊሞቅ ይችላል እንጂ ይሠራል። ዋጋውን ስትደራደሩ የማውረጃውን ትራንስፎርመር ሒሳብ ውስጥ አስገቡ። 220 ብሎ የመጣ የአውሮፓ ዕቃ ትንሽ ቢወደድም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ጀርባቸው ላይ በካቻቢቴ የሚዞር የቮልት መምረጫ አላቸው። እሱን ካገኛችሁ ዕድል ነው።

መብራት የሚጠፋበት ቤት ከሆነ ደግሞ ስታብላይዘር ይኑር። የሚጎዳው መጥፋቱ ሳይሆን ሲመጣ የሚመጣበት አመጣጥ ነው። መብራት ሲሄድ ነቅሎ፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ ወጪ የለውም።

ድሮውን ከዘንድሮ ቴሌቪዥን ጋር

እዚህ ላይ ነው የማያረጀው ግማሽ ጥቅሙ የሚታየው። የ2010 አምፕሊፋየር 4ኬ ምስል ማሳለፍ አይችልም። ስለዚህ ዋጋው ወርዷል። ግን ምስሉን በእሱ ውስጥ ማሳለፍ ማን አስገደደን? ዲሹን፣ ፍላሹን፣ ፕሌይስቴሽኑን ቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰኩ። ምስሉ እዚያው ይቅር። ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ድምፅ ብቻ ይሁን።

ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ከኤችዲኤምአይ መሰኪያዎቹ አንዷ ሥር «ኤአርሲ» የሚል አለ። ድምፅን ወደኋላ የምትመልስ ናት። ይሄ ነገር በ2009 በወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ነው የመጣው። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ አምፕሊፋየሮች አላቸው። ሁለተኛው ኦፕቲካል ነው፤ ጫፉ ላይ ቀይ ብርሃን የሚታይበት ቀጭን ገመድ። ከኤአርሲም የቆዩ አምፕሊፋየሮች አላቸው። ሁለቱም 5.1 ዶልቢ ዲጂታልን ያስተላልፋሉ። ከሰካችሁ በኋላ ቴሌቪዥኑ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ውጤቱን ከ«ፒሲኤም» ወደ «ቢትስትሪም» ወይም «ዶልቢ ዲጂታል» ቀይሩት። ይሄንን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ያኔ አምስት ስፒከር ገዝቶ የሁለት ድምፅ ይሰማል።

ምን ይቀርብናል? ከብሉሬይ ዲስክ የሚመጣው፣ ጥራቱ ምንም ያልተቀነሰው ድምፅ አያልፍም። እሱ «ኢኤአርሲ» የሚባለውን፣ ከ2017ቱ ኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር የመጣውን ይፈልጋል። ብሉሬይ ዲስክ ያለው ሰው ስንት ነው? ኔትፍሊክስ ላይ ያለው አትሞስ ተጨምቆ ስለሚመጣ በተራው ኤአርሲም ያልፋል። እሱ ግን አትሞስ የሚያውቅ አምፕሊፋየርና የኔትፍሊክስን ውዱን ፓኬጅ ይፈልጋል።

ለመሆኑ የምንሰማው ምንድን ነው?

ይሄ ጥያቄ ከመግዛት በፊት መቅደም ነበረበት። የአገር ውስጥ ቻናሎቻችንን በዲሽ ስናይ የሚመጣልን በብዛት ስቴሪዮ ነው። ዩቲዩብ ላይ የምናያቸው የአማርኛ ፊልሞችና ድራማዎችም እንደዚያው። እውነተኛ 5.1 የሚመጣው ከኔትፍሊክስና ከመሳሰሉት፣ ከፊልም ፋይሎች፣ ከጌም ነው።

ታዲያ ለድራማ ስቴሪዮ አምስት ስፒከር ምን ይሠራል? አምፕሊፋየሩ ስቴሪዮውን ተንትኖ ወደ አምስት የሚበትንበት ዘዴ አለው። በድሮዎቹ ላይ «ፕሮ ሎጂክ 2» ይባላል፣ በአዲሶቹ «ዶልቢ ሰራውንድ»። በግራም በቀኝም እኩል ያለውን ድምፅ፣ ማለትም ንግግሩን፣ ለይቶ ወደ መሃል ይልከዋል። ለኔ የዚህ ዕቃ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። «ሙዚቃው ይጮሃል፣ የሚሉት ግን አይሰማም» የሚለው የእናቶች ቅሬታ እዚህ ይፈታል። የመሃሉን ስፒከር ብቻ 3 ዴሲቤል ጨምሩለት። እማማ ሁለተኛ «ምን አለች?» አይሉም። ፍንዳታውን የሚያለዝብ፣ ሹክሹክታውን የሚያነሳ የማታ ሁነታም አለ። ልጆች ከተኙ በኋላ እሱን አብሩት።

ለዘፈን ግን ይሄንን አጥፉት። የድሮ ዘፈኖቻችን በስቴሪዮ ወይም በሞኖ የተቀረጹ ናቸው። አምስት ቦታ ሲበተኑ ሳክስፎኑ ጀርባችሁ ይገባና ዘፋኙ ብቻውን መሃል ይቀራል። ሪሞቱ ላይ «ስቴሪዮ» ወይም «ዳይሬክት» የሚለውን ተጫኑ።

ሳሎናችንስ ይችለዋል?

ብዙ ቤት ሶፋው ከኋላው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ያኔ 7.1 ከንቱ ነው። ከጀርባ ስፒከር የሚቀመጥበት ቦታ የለም። 5.1 ይበቃል። የጎኖቹን ስፒከሮች ከመቀመጫችሁ ትይዩ ወይም ትንሽ ወደኋላ፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ።

ጣሪያ ላይ ተንጸባርቆ እንዲመለስ ወደ ላይ የሚተኩሱ የአትሞስ ስፒከሮች አሉ። ጠፍጣፋና ጠንካራ ጣሪያ ይፈልጋሉ። የኮንዶሚኒየሙ ኮንክሪት ይሆናል። አራት ኪሎና ጉለሌ ባሉ የድሮ ቤቶች ያለው የአቡጀዲ ኮርኒስ ግን ድምፁን ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም። ለእንደዚህ ዓይነት ቤት ለአትሞስ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ሰብዉፈሩ ሌላ ጣጣ ነው። ወፍራም ድምፅ በኮንክሪት ውስጥ ይጓዛል። እናንተ ሳሎን ሆናችሁ ዝቅ ያደረጋችሁት ጉርምርምታ ከሥራችሁ ያለው ጎረቤት መኝታ ቤት ይገባል። ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ አድርጉ። ከግድግዳ ጥግም አውጡት፤ ጥግ ላይ ሲሆን ባሱ ይጋነናል። አምፕሊፋየሩ ሴቲንግ ውስጥ ትንንሽ ስፒከሮቻችሁን «ስሞል» በሏቸው፣ መለያውንም 80 ኸርዝ ላይ አድርጉት። ከዚያ በታች ያለውን ሰብዉፈሩ ይወስዳል፣ ሌሎቹ ይቀላቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ። ቡፌ ውስጥ አስገብታችሁ መስታወቱን አትዝጉበት። ከሚወስደው ኃይል ትልቅ ድርሻው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ክዳኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻዎቹ ናቸው። ዳንቴል አልብሳችሁ የአበባ ማስቀመጫ የምታስቀምጡበት ቦታም አይደለም። ቤት ውስጥ ይሄ ጭቅጭቅ እንደሚያስነሳ አውቃለሁ።

ያገለገለ ስትገዙ

ሻጩ እንዲሰካላችሁ ጠይቁ። ሲበራ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ከውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ መሰማት አለበት። መከላከያው ሁሉ ደህና ነው ብሎ ስፒከሩን ሲያገናኝ ነው። «ቀጭ» ካላለ፣ ወይም ብሎ ወዲያው ከጠፋ፣ ውስጡ የተቃጠለ ነገር አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ቻናል ለየብቻ ስሙ። አንዱ ጎን የሚጠፋና ድምፅ ሲጨመር የሚመለስ ከሆነ የሪሌው፣ ያ «ቀጭ» የሚለው ማብሪያ፣ ጥርስ ዝጓል። ይሠራል፣ ግን ዋጋ አስቀንሱበት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይብራ። አንዳንዱ ጉድለት የሚታየው ሲሞቅ ነው።

ኤችዲኤምአዩን በሁሉም መሰኪያ ሞክሩ። በተለይ ከ2009 እስከ 2012 ገደማ የተሠሩ የኦንኪዮ ሞዴሎች ቦርዳቸው ላይ የታወቀ ችግር ነበር። ድርጅቱ ራሱ ለተወሰኑ ሞዴሎች ዋስትናውን እስከ 2018 መጨረሻ አራዝሞ ነበር። አሁን ያ ጊዜ አልፏል። ኤችዲኤምአዩ የሞተ ዕቃ ግን በኦፕቲካል ሊሠራ ይችላል። ማጉያው ክፍል ደህና ከሆነ፣ እጅግ ርካሽ ከሆነ፣ እኔ እገዛዋለሁ።

ሽቦ ስትገዙ ጫፉን ልጣችሁ በቢላ ፋቁት። ቀይ መስሎ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ለአጭር ርቀት ይሠራል፣ ግን የመዳብ ዋጋ አትክፈሉ። ለሳሎን 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበቃል። ስታስሩት አንድ ክር እንኳ ወጥቶ ከጎኑ ያለውን መሰኪያ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ቀይና ጥቁሩ ከተነካኩ አምፕሊፋየሩ ይዘጋል።

ሪሞቱ መኖሩንም እዩ። ያለ ሪሞት ብዙ ሴቲንግ አይከፈትም። ከዕቃው ጋር የመጣች ትንሽ ማይክም ነበረች። መቀመጫችሁ ላይ አስቀምጣችሁ ስትሰኳት አምፕሊፋየሩ ራሱ እየጮኸ ክፍሉን ይለካል፣ የእያንዳንዱን ስፒከር ርቀትና የድምፅ መጠን ያስተካክላል። ያገለገለ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ ጠፍታ ነው የምትገኘው። ካልተገኘች ከመቀመጫችሁ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር በሜትር ለክታችሁ ቁጥሩን በእጅ አስገቡ።